ከፎቶው ቀድሞ የሚደርስ ሰው

የጋሽ ዘካርያስን ሞት ሊነግረኝ የደወለው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምሳ በልተሃል?» ብሎ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። በልቻለሁ አልኩት። «አጠገብህ ሰው አለ?» አለኝ። ባለቤቴ ጎረቤት እንደሄደችና ብቻዬን እንደሆንኩ ነገርኩት። «እንግዲያው ስትመለስ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።

ለእኔ ነገሩ አልቆ ነበር። በዚህ ቅደም ተከተል መጠየቅን ጂንካ ቅርንጫፍ ውስጥ ለሠራን ሁሉ ያስተማረን ጋሽ ዘካርያስ ነው። ከመካከላችን ሌላ ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ የሚደውለው እሱ ራሱ ነበር። እሱ ካልደወለ፣ የሞተው እሱ ነው። ባለቤቴ ስትመለስ ባልደረባዬ መልሶ ደወለና ሥርዓቱን ጠብቆ ነገረኝ። እኔም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ሰማሁት።

ጋሽ ዘካርያስ ሾፌር ነበር። ትውልዱ ጋሞ ደጋ ነው። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ የመንገድ ሥራ ተከትሎ ጂንካ ገባ፤ መጀመሪያ ድንጋይ ፈላጭ፣ ቀጥሎ የገልባጭ መኪና ረዳት፣ በመጨረሻ ሾፌር ሆነ። በጋዜጠኝነት የምሠራበት የዜና ዝግጅት ክፍል ጂንካ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ከአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ጋር ተቀጠረ። ያኔ ከከተማው መሐል ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ገና ሣር ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ እኛም በአቋራጭ እናልፍበታለን። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠራን።

አጭርና ደንዳና ሰው ነው። ትከሻው ላይ የተጣጠፈ ፎጣ አይጠፋም፤ በእሱ መሪውን ሳይወለውል ሞተር አያስነሳም። ሌላው ልማዱ ደግሞ ሥራዬን ያዘገይብኝ ነበር። ቁም ነገር ከጠየቅኸው መኪናውን ዳር ይይዝና ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሚመልስልህ። አንድ ቀን ወደ ቀይ አፈር ስንሄድ፣ «ጋሽ ዘካርያስ፣ ይህ የአገራችን ነገር ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» አልኩት። አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ሦስት አይሱዙ አልፎን ሄደ። ረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ «አላውቅም» አለኝና መኪናውን አስነሳ።

በከተማው የሚታወቀው ግን በሾፌርነቱ ሳይሆን በመርዶ ነጋሪነቱ ነበር። ማንም አልሾመውም። ጂንካ ብዙው ሰው ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ወላጅ ወይም ወንድም ሩቅ አገር ሲሞት የቤተሰቡ ሰዎች የሚደውሉት ለእሱ ሆኖ ቀረ። ዕድሩም ቤተ ክርስቲያኑም ይልኩታል። እኔም ሁለት ጊዜ ተከትዬው ገብቻለሁ።

ሲነጋጋ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳል። መኪናውን ከቤቱ ሁለት መታጠፊያ አርቆ ያቆማል፤ በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ መኪና ከቆመ ውስጥ ያለው ሰው ከአልጋው ሳይወርድ ያውቃል። ሦስት ሆነው ይገባሉ። አንዱ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል፣ አንዱ ሌላ ሰው ዘው ብሎ እንዳይገባ በሩ ላይ ይቆማል፣ እሱ ይናገራል። ብዙ ሰው መርዶ ሲነግር «ትንሽ አሞታል» ብሎ ይጀምራል። ጋሽ ዘካርያስ ይህን አይወድም። «ታሟል ካልኩት ተነስቶ መሳፈሪያ ይፈልጋል። ለምን አለፋዋለሁ?» ይል ነበር። የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የመጣሁት በእከሌ ጉዳይ ነው። አጠገብህ ነን።» ከዚያ ዝም ይላል። የቀረውን ሰውየው ራሱ ይደርስበታል።

ይህን የሰማ ሰው ጋሽ ዘካርያስ ዜናና ካሜራ የሚጠላ ሊመስለው ይችላል። አልነበረም። አንድ ዓመት ከታች በኩል ኦሞ ከዳሩ ወጥቶ መንደር ሲከብ አብረን ሄደን ነበር። ሰዎች ልጆቻቸውንና ፍየሎቻቸውን ተሸክመው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ይራመዳሉ። እኔ ቆሜ አያለሁ።

«ካሜራህ የት አለ?» አለኝ።

«ቦርሳ ውስጥ።»

«ዝናቡን ፈርተህ?»

«ሰዎቹን አፍሬ ነው።»

«አንተ ብታፍር ምን ቸገረህ፣ ደሞዝህ ይመጣል። እነሱ የሚፈልጉት ዱቄት ነው። ይህን ያላየ ሰው መጋዘን ይከፍታል?»

ከዚያ አንዲት ግልገል ያቀፉ አሮጊትን ፎቶ ለመነሳት ይፈቅዱ እንደሆነ በአስተርጓሚ አስጠየቀ። ሴትየዋ ጨሌያቸውን አስተካከሉ፣ ግልገሉን ከፍ አድርገው ያዙ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያ ፎቶ ወጣ። ጋሽ ዘካርያስ አንድ ቅጂ አሳጥቦ የመኪናው ኪስ ውስጥ አስቀመጠ፤ በዓመቱ ወደዚያ ስንመለስ ሴትየዋን አፈላልጎ በእጃቸው ሰጣቸው። ሁልጊዜም እንዲህ ያደርግ ነበር። «ፎቶው የባለቤቱ ነው፤ እኛ አድራሾች ነን» ይለኛል።

ኋላ ላይ ፎቶ የሚያሳዩት ባለ መስተዋት ስልኮች መጡ። እሱ ቁልፍ ባለው ትንሽ ስልኩ ጸና፤ በየቁርስ ቤቱ ግን ሰዎች የየራሳቸውን እየዘረጉ «ጋሽ ዘካርያስ፣ ይህን አደጋ አይተሃል?» ይሉታል። መዳፉን መስተዋቱ ላይ ያደርግና «ቤተሰቡ ሰምቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚያውቅ ሰው የለም። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ፍርፍሩን ይቀጥላል። ሰዎቹ ይስቁበት ነበር። እኔም አንዳንዴ ስቄአለሁ።

አሁን የምጽፈውን ያየሁት ከቀይ አፈር ብዙ በማይርቀው በአልዱባ፣ በአንድ የገበያ ቀንና በማግስቱ ነው።

ላይ አገር የዘነበ ዝናብ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ መጣ። እህልና ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችን የጫነ አንድ አይሱዙ መሻገሪያው መሐል ነበር። ጎርፉ ገልብጦ ወሰደው። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ወጡ፤ ያልወጡም ነበሩ። እኔና ጋሽ ዘካርያስ ስንደርስ አስከሬኖቹ ከግራር ሥር ተጋድመው የእህል ሸራ ለብሰዋል። ሸራው አልበቃም። የመጨረሻው ሰው ፊትና ክንድ ወጥቶ ይታያል፤ የለበሰው አረንጓዴ ሹራብ ክርኑ ላይ በቀይ ጨርቅ ተለጥፏል።

ሥራዬን ሠራሁ። ከተረፉት ጋር ተነጋገርኩ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አጣራሁ። ሹራብ የለበሰውን ሰው በስም የሚያውቅ አላገኘሁም። ጋሽ ዘካርያስ ከሰዎቹ ጋር ሆኖ አስከሬኖቹን ወደ ጂንካ በሚወስደው መኪና ላይ ይጭን ነበር።

ያንን ፎቶ ለምን እንደመረጥኩ አስታውሳለሁ። ሰዎች ለዓመታት ድልድይ ሲጠይቁበት የኖሩበት መሻገሪያ ነው፤ ያለ ፎቶ ዜናው አራት መስመር ሆኖ እንደሚቀር አውቃለሁ። የሰውየውን ፊት በደንብ አደበዘዝኩ፤ ደንባችን ይህ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በፌስቡክ ገጻችን ወጣ። በጻፍኩት ውስጥ አንዲት የተሳሳተች ቃል አልነበረችም። ድልድዩ በኋላ ተሠርቷል፤ ያሠራው ፎቶው ይሁን ሌላ ነገር ግን አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ጂንካ ቁርስ ላይ ሳለን አንድ የማውቀው ነጋዴ ከቀይ አፈር ደወለልኝ። ጫኝና አውራጁ ተስፋዬ ሞቷል፣ ድንኳን ተጥሏል አለኝ። ለጋሽ ዘካርያስ ነገርኩት።

«ማን አየው?» አለኝ።

«ሚስቱ። ከፎቶው ላይ ሹራቡን አውቃ። ክርኑን የለጠፈችው ራሷ ናት ይላሉ።»

የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «የዚያን ሰው ፊት በዚህ ፎጣ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ተስፋዬን አውቀዋለሁ፣ መኪናችንን ስንቴ ጭኗል። ተስፋዬ አይደለም።»

«እኔ ፊቱን ሸፍኜ ነው ያወጣሁት» አልኩ፤ ራሴን ለመከላከል ይመስለኛል።

«ፊቱን ትተህላት ቢሆን እሱ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ሹራቡንም ሸፍነኸው ቢሆን አትደነግጥም ነበር። አንተ ፊቱን ወስደህ ሹራቡን ሰጠሃት።» አልተቆጣም። የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

ቀይ አፈር ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። የተስፋዬ ሚስት አስቴር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ዘካርያስ እንደ ልማዱ መኪናውን አርቆ አቁሞ ገባና አጠገቧ በርከክ አለ። ከዚያ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁበትን ስህተት ሠራ። ከአፉ የወጣው የለመደው ቃል ነው።

«አስቴር፣ የመጣሁት በተስፋዬ ጉዳይ ነው። አጠገብሽ ነን።»

ድንኳኑ ተናወጠ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልባቸው የተጠራጠሩ እንኳ ጋሽ ዘካርያስ ይህን ካለ ጉዳዩ አበቃ ብለው አዲስ ለቅሶ ጀመሩ። አስቴር ደረቷን ትመታለች። እሱ እጁን እያወናጨፈ «የለም! የለም! አልሞተም ማለቴ ነው!» ይላል፤ የሚሰማው የለም። አንዲት ትልቅ ሴት ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ «ተው አንተ፣ ማጽናናት እንዲህ አይደለም» አሉት። የሞተን ሰው መንገር እንጂ ያልሞተን መንገር አልለመደም ነበር፤ ላብ ሲያጠምቀው አየሁ።

ያዳነው ተስፋዬ ራሱ ነው። ከአልዱባ በመጣ መኪና ላይ ወረደ። በስስ ሸሚዝ ነው፤ በብብቱ ዶሮ ይዟል። ደጁ ላይ ድንኳን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን ሞተብን?» አለ በሩ ላይ ያለውን ጎረቤቱን።

ጎረቤቱ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ፣ «አንተ ነሃ!» አለው።

«እኔ?»

«ስልክህን ለምን አታነሳም አንተ!»

«ባትሪው አልቆ!»

«ባትሪህ አልቆ አገር ስታስለቅስ አደርክ! ና፣ ና ንፍሮህን ብላ እንግዲህ!»

ሰዉ ተተራመሰ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ ዶሮዋ አምልጣ በእግር መሐል ትሮጣለች። አስቴር ተነስታ ሄዳ በሁለት እጇ ደረቱን መታችው፣ ከዚያ አንገቱን ይዛ አልለቅ አለች። «ሹራቡስ?» አለችው። «ሹራቡ የት አለ?»

«ለሉቃስ ሰጠሁት» አለ ተስፋዬ። «ዝናብ መትቶት ይንቀጠቀጥ ነበር። በአይሱዙው ላይ ሊሄድ ነው፣ እኔ ገና የማራግፈው ጭነት ስለነበረኝ...» ዙሪያውን አየና በቆመበት ቁጢጥ አለ።

ያን ጊዜ ከኋላ ያሉ ሴቶች እልልታ ጀምረው ነበር። ጋሽ ዘካርያስ እጁን አነሳ።

«እልል አትበሉ» አለ። «ይህ ድንኳን የሌላ ሰው ነው።»

ዶሮዋ ብቻ ስትንጫጫ ይሰማል።

ሉቃስ ከጂንካ ማዶ ያለችው የሃና ከተማ ልጅ እንደሆነ ተስፋዬ ነገረን። ጭነት ባለበት ገበያ ሁሉ እየዞረ ይሠራል። ወላጆቹ የሉም፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ማርታ ናት፤ ሃና ላይ ከወረዳው መሥሪያ ቤቶች አጠገብ ሻይ ቤት አላት። «ስለ እሷ ሳያወራ አይውልም» አለ። አብሮን ሊሄድ ፈለገ። ጋሽ ዘካርያስ ትንሽ አየውና «ግባ» አለው።

ከቀይ አፈር እንደወጣን ስልኬን አወጣሁ። ጋሽ ዘካርያስ አየኝና መኪናውን ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«ተስፋዬ በሕይወት አለ፤ የሞተው ሉቃስ ነው ብዬ። ስህተት ተሰራጭቷል፣ ማረም አለብኝ።»

«ለማን ነው የምታርመው?»

«ለአንባቢ።»

«አንባቢው እስከ ነገ ቢቆይ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም።»

«ማርታስ ዛሬ ከፌስቡክ ብታነበው?»

ለወረዳው ደውለን ሰው እንዲልኩላት እናድርግ አልኩት። «ለወረዳው የተነገረ ለሃና ሕዝብ ሁሉ ተነገረ» አለኝ።

የተስፋዬ ዘመዶች ግን ከሩቅ እየተሳፈሩ ነበር፤ እነሱን መተው አይቻልም። ስለዚህ «ተስፋዬ በሕይወት አለ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ፎቶውን ከገጻችን አነሳሁ። የሟቹን ስም አልጠቀስኩም። ከዚያ በላይ ማድረግ አልቻልኩም። ፎቶውን ሌሎች ወስደውት፣ የጸሎት ምልክት እየለጠፉ፣ «ልብ ያለው ሼር ያድርግ» እያሉ ያዞሩታል። ጂንካን ሳናልፍ ከሥሩ «ታዲያ ማነው?» የሚሉ ሰዎች በዙ። ከከተማው ልንወጣ ስንል የመጨረሻውን አስተያየት አነበብኩለት፤ አንድ የማላውቀው ሰው «የሃናው ሉቃስ ይመስለኛል» ብሎ ጽፏል።

ጋሽ ዘካርያስ ሰዓቱን አየ። ያኔ ሃና ውስጥ ኢንተርኔት የሚያዘው ከከተማው ዳር ካለች ጉብታ ላይ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጡ ስልካቸውን ይዘው ይወጡባታል። ሲወርዱ ደግሞ ማርታ ጋ ሻይ ይጠጣሉ።

ወደ ሃና የሚወስደው መንገድ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ዝናብ አበላሽቶታል። ተስፋዬ ከኋላ በሸሚዙ ኩርምት ብሏል። እኔ በመካከሉ፣ «ጋሽ ዘካርያስ፣ መርዶ በጠዋት ነው ትል የለ? ደርሰን እስኪነጋ ብንጠብቅስ?» አልኩት። ሊያቆም ነው ብዬ ነበር። አላቆመም። «ጉብታው እስኪነጋ አይጠብቅም» አለኝ መሪውን እንደያዘ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እየነዳ የመለሰልኝ ቁም ነገር ይህ ብቻ ነው።

ሃና የገባነው ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። መኪናውን ከከተማው መግቢያ ላይ አቆመ። ተስፋዬን «አንተ እዚህ ሁን፤ ፊትህን ካየች እኔ መናገር አያስፈልገኝም» አለው። ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ከሚኖሩ የሚያውቃቸው ሴቶች አንዷን ጠራና ጉዳዩን በሹክሹክታ ነገራት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተከተለችን።

ሻይ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። ማርታ ጀርባዋን ሰጥታን ከምድጃው ላይ ብርጭቆ ትሞላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። ውስጥ ያለው ደንበኛ አንድ ብቻ ነው። በኋላ የግብርና ባለሙያ መሆኑን አወቅሁ፤ በዚያን ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ፣ ጉብታዋ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አንዴ መስተዋቱን አንዴ የማርታን ጀርባ ያያል። ሊናገር አፉን ከፈተ።

ጋሽ ዘካርያስ ሄዶ መዳፉን ስልኩ ላይ አሳረፈ።

«ቤተሰቡ ሰምቷል?» አለው ቀስ ብሎ።

«እሷን ልጠይቃት ነበር እኮ» አለ ሰውየው እሱም ድምፁን ቀንሶ። «ወንድሟን ይመስላል...»

«አትጠይቃት። ሻይህን ጠጥተሃል?»

«ገና ነው።»

«ነገ ትጠጣለህ። አሁን በሩ ላይ ቁምልኝ፤ ማንም እንዳይገባ።»

ሰውየው ጋሽ ዘካርያስን አያውቀውም። ግን ስልኩን ኪሱ ከተተና ሄዶ በሩ ላይ ቆመ።

ማርታ ብርጭቆውን ይዛ ስትዞር አራት ሰው አየች።

«ማርታ፣ ልጄ፣ ብርጭቆውን አስቀምጪው» አለ ጋሽ ዘካርያስ። ሴትየዋ አጠገቧ ደረሰች። አግዳሚው ላይ አስቀመጧት። «የመጣሁት በሉቃስ ጉዳይ ነው። አጠገብሽ ነን።»

ከዚያ ዝም አለ።

ምድጃው ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ ይፈላል። የእያንዳንዳችንን ፊት በየተራ አየች። «ጎርፉ?» አለች በመጨረሻ። ጋሽ ዘካርያስ አዎን በሚል ራሱን ነቀነቀ። ያለቀሰችው በኋላ ነው፤ ስለ ለቅሶዋ አልጽፍም። አስከሬኑ ጂንካ መሆኑን፣ ነገ ጠዋት አብረን እንደምናመጣው ነገራት። የጎረቤት ሰው አንድ በአንድ እየመጣ በሩ ላይ ከቆመው ሰው ጋር ቀስ ብሎ እየተነጋገረ፣ ተራ እየጠበቀ ይገባል።

ቆይታ ቀና አለች። «ፎቶ አለ አይደል?» አለች።

«አለ» አለ ጋሽ ዘካርያስ።

«ማነው ያነሳው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አሳየኝ።»

በሥራዬ የተማርኩት ሁሉ አይሆንም ይል ነበር። ቀኑን ሙሉ የሮጥነውም ይህን እንዳታይ መስሎኝ ነበር። ወደ ጋሽ ዘካርያስ ዞርኩ።

«የሷ ነው» አለኝ። «አሳያት። ግን መጀመሪያ ውኃ ትጠጣ።»

ውኃ ሰጧት። አንዷ ሴት በቀኝ፣ ሌላዋ በግራ ተቀመጡ። ካሜራውን ከፍቼ ያልደበዘዘውን፣ ሌላ ማንም ያላየውን አወጣሁላት። በሁለት እጇ ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን በፊቱ ላይ አሳለፈች፣ ክንዱ ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ይህ ሹራብ የሱ አይደለም» አለች።

ወንድሜ አይደለም ልትል፣ ተስፋ ልታደርግ ነው ብዬ ነበር።

«ፊቱ የሱ ነው» አለች። «ሹራብ ግን አልነበረውም። ባለፈው ሲመጣም አልነበረውም፤ ተቆጥቼዋለሁ። ማነው ያለበሰው?»

ጋሽ ዘካርያስ ወደ እኔ ዞሮ «ተስፋዬን ጥራው» አለኝ።

ተስፋዬ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቷል። ተከትሎኝ መጣ። በሩ ላይ ያለው የግብርና ባለሙያ አስቆመውና «ዘመድ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ተስፋዬ የስስ ሸሚዙን እጅጌ ጎተተ። የተለጠፈ ሹራብ ነበረኝ አይል ነገር።

«ይግባ» አለች ማርታ ከውስጥ።

ገብቶ ፊቷ ቆመ፤ አንገቱን ደፍቷል። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«በርዶት ነበር?» አለችው።

«በርዶት ነበር» አለ ተስፋዬ። «ከለበሰው በኋላ ግን መንቀጥቀጡን ተወ። መኪናው ላይ ሲወጣ እየሳቀ ነበር።»

ካሜራውን ለእኔ መለሰችልኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብላ ለተስፋዬ ቦታ ሰጠችው።